አማቴ የቀመሱት የሙሴ ዓሣ

በእኛ ጊዜ ዓሣ ቆዳውን ሳያሳይ ቤት አይገባም ነበር። አሁን አንቺ ይኼን ቆዳውን ገፍፈው፣ ራሱን ጥለው፣ በላስቲክ አድርገው የሰጡሽን ይዘሽ መጥተሽ «እማማ፣ ይኼ ቆሮሶ ነው አምባዛ?» ትይኛለሽ። እኔ ምን አውቄ፣ ጽጌ? ራስ የለው፣ ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፤ ሥጋ ብቻ አይቼ ምን ብዬ ልፍረድ? አንድ ጊዜ እንዲህ ተገፍፎ የመጣ ዓሣ ከቤቴ ሊያስወጣኝ ነበር እኮ። አዎ፣ ከትዳሬ፣ ከአያትሽ ቤት። ነግሬሽ አላውቅም? በይ ያንን ወዲያ አስቀምጪውና ተቀመጪ፤ እኔም ዛሬ ወገቤን ይዞኛል፣ ቆሜ የምሠራው የለም።

ያኔ ናዝሬት የሚባል የለም፤ ናዝሬት የተባለው ኋላ ነው፣ ስሙ አዳማ ነው። ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ማለቴ ነው። አዳማም ቢሆን ምን አዳማ አለ፣ ጣቢያው ነው፤ ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የግሪኩ ቡፌ፣ የዓረቦቹ ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ የሣር ቤትና አቧራ። አቧራው ያው ነው፣ እሱ አልተለወጠም። ታዲያ አክስቴ ለግሪኩ የጠረጴዛ ልብስ ታጥብ ነበርና በሷ በኩል ወጥ ቤቱ ገባሁ፣ ገብቼም ቀረሁ፣ ካገባሁ በኋላም አልተውኩትም። ባቡሩ ሲደርስ ፈረንጁ ሁሉ ተንጋግቶ ይወርድና ምሳ ምሳ ነው፤ አንዱ ሾርባው ቀዘቀዘ ይላል፣ አንዱ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው ይላል፣ እና እኛ እንሯሯጣለን። ዛሬም ሳስበው ይደክመኛል።

እና ዓሣ ከጅቡቲ ይመጣል። በሣጥን ነው፣ በረዶና ሰጋቱራ ተደርጎበት፤ በረዶው ድሬዳዋ ላይ ይጨመርለታል ይላሉ፣ እዚህ ሲደርስ ግን ግማሹ ውኃ ነው። የሚያመጣው ሳልህ የሚባል የየመን ዓረብ ነው፤ ቀጭን፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ፣ ወሬ የሚወድ ሰው። ታዲያ መጀመሪያ ጊዜ ሣጥኑን ስከፍት አንድ ጠፍጣፋ ነገር አወጣሁ። እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ። ባንድ በኩል ዝንጉርጉር፣ ገልበጥ ሳደርገው ነጭ፣ ባዶ፣ ዓይን የለው። ዓይኑ የታለ ብዬ መልሼ ስገለብጠው ሁለቱም ዓይኖቹ ባንድ ወገን ተደርድረው ያዩኛል። ሁለቱም፣ ባንድ ጉንጭ ላይ። አፉ ደግሞ ጠማማ። «ሳልህ፣ ይኼንንስ ባቡር ረግጦታል» አልኩት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና ሳቀ።

«ባቡር አይደለም፣ ወላሂ ባቡር አይደለም» ይላል፣ እንዲህ ነበር አማርኛው። «ነቢ ሙሳ ነው። ነቢ ሙሳ ባሕሩን በዱላ መታ፣ አዎ? ባሕሩ ለሁለት ሄደ፣ አዎ? ዓሣ መሐል ነበር። እሱም ለሁለት ሄደ። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ይኼ ግማሹ ነው።» አመንኩት። ለምን አላምነው፣ ግማሽ ዓሣ ይመስላል እኮ። ከዚያ ወዲያ የሙሴ ዓሣ እንለው ነበር።

ታዲያ ጠፍጣፋው ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ይኼን ነው ሰው የማያውቀው። እኔም በፊት አንድ ይመስለኝ ነበር፣ ግሪኩ ግን ለዪ ይላል፤ አንዱ ለፈረንሣዮቹ ጠረጴዛ ነው፣ አንዱ ለሾርባ ነው፣ ከተሳሳትሽ ይጮኻል፣ ሲጮህ ደግሞ በገዛ ቋንቋው ነው፣ ምን እንዳጠፋሽ እንኳ አታውቂም። እና ሳልህ አስተማረኝ። ዓይኑን ወደ ላይ፣ ሆዱን ወደ ራስሽ አድርገሽ አስተኚው፤ ራሱ ወደ ቀኝሽ ከዞረ አንድ ወገን ነው፣ ወደ ግራሽ ከዞረ ሌላ ወገን ነው። የሙሴው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ሞላላ ነው፣ ነጠብጣብ አለው፣ አፉ ትንሽ ነው፣ እና የክንፉን ሥር ስትጫኚው ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። እሱ መራራ ነው፣ ምላስ ያደነዝዛል፣ ስለዚህ ቆዳው ይገፈፋል። ጅራቱ ጋ ትንሽ ትሰነጥቂና በጨርቅ ይዘሽ ባንድ ጉተታ ነው፣ እንደ ካልሲ ይወልቃል።

ሁለተኛው ምላስ የምንለው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ልክ የበሬ ምላስ። ለብቻው ጅራት የሚባል የለውም፣ ክንፉ ዙሪያውን ሄዶ ሄዶ ጫፉ ላይ ይገጥማል። እሱ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣ ከጅራቱ ወደ ራሱ በእጅሽ ስታሺው ይሻክራል። ሦስተኛው ጥርሳሙ ነው፤ ወፍራም፣ አፈ ሰፊ፣ ጥርሱ የውሻ። እሱ ሕግ የለውም፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቅርፊቱ ግን ከሩቅ ይታያል። እነዚህን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ እለያቸው ነበር። ምን ሊጠቅመኝ እንደሆነ እንጃ፣ ግን እለያቸው ነበር።

አያትሽ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡሩ ላይ ፍሬን የሚይዝ ነበር፤ አዋሽ ያድራል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ጥሩ ሰው ነበር፣ ዝምተኛ፤ ዝምታው አንዳንዴ ከጭቅጭቅ ይብስ ነበር እንጂ ጥሩ ሰው ነበር። ለእናቱ አንድ ነው። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ባላቸው ሲሞቱ ምንጃር ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ከእኛ ጋር ሊኖሩ መጡ። እሜቴ ነበር የምላቸው። ደርባባ፣ ንጹሕ፣ ነጠላቸውን ጉድፍ የማይነካው ሴት። እና እዚሁ ደብሩ ካሉት ከመምሬ ተክሌ ጋር ተነጋግረው፣ የንስሐ አባት አድርገው ይዘዋቸው፣ ንስሐቸውን ጨርሰው፣ ለገና ሊቆርቡ ተሰናድተው ነበር። ሌላ ወሬ የላቸውም፤ «ልቆርብ ነው» ብቻ ነው። ባሌን ወዲያኛው ዓለም የማገኘው በዚህ ነው ይላሉ። ጠዋት «ልቆርብ ነው»፣ ማታ «ልቆርብ ነው»።

ታዲያ የገና ጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ደግሞ ሽሮ። እሳቸው ይከሳሉ። አንድ ጉርሻ ይጎርሱና «በቃኝ» ይላሉ። ያን ጊዜ ዓሣ በገና ጾም እንበላ ነበር፤ ሁዳዴ ካልሆነ መምሬም አይከለክሉም። እኔ እውነቴን ነው፣ አዘንኩላቸው። ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፣ አገራቸውን ለቀው፣ በማያውቁት አቧራ መሐል ተቀምጠው። እና አንድ ቀን ሳይሠራ የተረፈ የሙሴ ዓሣ ነበርና ግሪኩ «ውሰጂ» አለኝ። እዚያው እንደለመድኩት ቆዳውን በጉተታ ገፍፌ ጣልኩት፣ ራሱን ለመረቁ ይሆናል ብዬ ያዝኩት፣ በቅጠል ጠቅልዬ ቤቴ ሄድኩ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያች ከጣልኳት ቆዳ ነው።

ወጥ ሠራሁት። በሽንኩርት፣ በኑግ ዘይት፣ በርበሬውን አሳንሼ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አብዝቼ። እሜቴ ቀመሱ። ደግመው ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ። እኔ በጎን አያለሁ፣ ፊት ለፊት ካየሁ የሚያቆሙ እየመሰለኝ። እንጀራው አለቀ፣ ጨመርኩ። ከመጡ ጀምሮ እንዲያ ሲበሉ አይቼ አላውቅምና ደስ አለኝ፣ ምን ልበልሽ፣ በጣም ደስ አለኝ። «እሜቴ፣ ጣፈጠዎት?» አልኳቸው። ተነሱ፣ ወደ ምድጃው ሄዱ፣ የድስቱን ክዳን አነሱ። መረቁ ውስጥ ራሱ አለ። ሁለት ዓይን፣ ባንድ ጉንጭ ላይ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የዓሣው ራስ ነው፣ እሜቴ።»

«ዓይኑስ?»

«ባንድ ወገን ነው። ሲፈጠርም እንዲያ ነው።»

«ቅርፊቱን አሳዪኝ» አሉ። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም፣ ይኼን ክርስቲያን ሁሉ ያውቃል። ቅርፊቱን አሳዪኝ።»

«ቆዳውን ገፍፌ ጣልኩት፣ እሜቴ።»

«የሚገፈፍ አምባዛ ነው» አሉ።

በቃ። አየሽ፣ በእኛ አገር የሚፋቀው ቅርፊት ያለው ነው፣ የሚገፈፈው የሌለው ነው። ቆሮሶ ይፋቃል፣ አምባዛ ይገፈፋል፣ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውምና አይበላም። ቅርፊት ያለውን ዓሣ ቆዳውን የሚገፍፍ ማን አይቶ ያውቃል? ፈረንጅ ነው እንዲህ የሚያደርግ፣ እኔም ከፈረንጅ ወጥ ቤት ለመድኩት። ይኼን ለማን ላስረዳ። እሜቴ ወደ ውጭ ወጡ፣ ጣታቸውን ወደ ጉሮሯቸው ሰደዱ፣ አስመለሳቸው፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ተጉመጠመጡ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኹም። ተመልሰው ገቡና ቀስ ብለው «ቁርባኔን አበላሸሽብኝ፣ አስካለ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ መብላት ተዉ። ውኃም ከእጄ አይጠጡም። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ የአርሲ ሴት ናት፣ ቆሎ እየቆላች ትሰጣቸዋለች፣ እሱን እየቆረጠሙ ይውላሉ። በዚያ ጥርስ። እኔ የሠራሁት ይቀዘቅዛል፣ እሳቸው እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቆሎ። አዴ ጫልቱ ደግሞ እኔን ልታጽናና ትመጣና «ላም እያለላችሁ ውኃ ውስጥ ምን አስገባችሁ? እኛ ዓሣ ጭራሽ አንበላም፣ ዓይኑ በጀርባው ቢሆን ግድ የለንም። ዋቅ ከዚህ ጣጣ ገላገለን» ትለኛለች። መጽናኛዋ ይኼ ነበር።

ተሰማ ከአዋሽ ተመለሰ። እናቱ ነገሩት፣ ሁሉንም፣ ራሱን፣ ዓይኑን፣ ቆዳውን። እሱ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሰማ። ኋላ እኔን ጠራኝና «እናቴ ከእጅሽ አልበላም ካለች በገዛ ቤቴ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው» አለ። «ምንጃር ልሂድ ትላለች፣ ባዶ ቤት። ነገሩን መምሬ ይዩት። ርኩስ ነው ካሉ፣ አንቺ ለጊዜው ወደ አክስትሽ…» አለ። ለጊዜው። እኔ ለጊዜው ወደ አክስቷ የሄደች ሴት አውቃለሁ፣ ጽጌ። ብዙ አውቃለሁ። መጀመሪያ እሷ ትሄዳለች፣ ቀጥሎ ልብሷ ይላክላታል። ፈራሁ። ልጅ ገና አልወለድኩለትም፣ አባትሽ ገና አልመጣም፣ በምን ልያዘው?

መምሬ ተክሌ መጡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ለመቀመጥ ራሱ ብዙ ይቆያሉ። ሁሉንም ሰሙ። ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። መጽሐፉ ክንፍና ቅርፊት ይላል። ስለ ዓይን ያለው ነገር የለም። ዓሣውን ከነቆዳው አምጡልኝና በእጄ ልየው። እስከዚያ ማንም ማንንም አይክሰስ።» እሜቴ «እስከዚያ ገና ቢያልፍብኝስ?» አሏቸው። «ገና በየዓመቱ አለ» አሉ መምሬ። እሳቸው ማጽናናታቸው ነበር። እሜቴ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉና አለቀሱ፤ በሳቸው ዕድሜ የሚቀጥለው ገና መቼ በእጅ ይያዛል።

እና እኔ ባቡር ጠባቂ ሆንኩ። ዓሣው በያንዳንዱ ባቡር አይመጣም፤ ሳልህ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በመጨረሻ መጣ። በዚያው ባቡር ተሰማም ነበረና ወርዶ አብሮኝ ሣጥኑ ጋ ቆመ። ሰጋቱራውን ጠርጌ አየሁ። ምላስ አለ። ጥርሳሙ አለ። የሙሴው የለም። እስከ ታች ፈተሽኩ፣ የለም። ተሰማ ጥርሳሙን አንስቶ አገላበጠው፣ ቅርፊቱን በአውራ ጣቱ ነካው፣ ፊቱ በራ።

«ይኼው ቅርፊት» አለ።

«ይኼ ሌላ ነው» አልኩት።

«ጠፍጣፋ ነው። ዓይኑም ባንድ ወገን ነው።»

«ሌላ ነው፣ ተሰማ። አፉን እየው። ያ ነጠብጣብ ነበረው፣ አፉ ትንሽ ነበር።»

ሳልህም ገባበት፤ «አንተ ምን ችግር አለህ፣ አስካለ? ይኼም ጠፍጣፋ፣ ያም ጠፍጣፋ። ቄሱ ያውቃል? አያውቅም። ጨርስ፣ ሂድ ቤትህ» ይለኛል፤ ሴትና ወንድ አይለይም በአማርኛ፣ ልቡ ግን ደግ ነው፣ ሊረዳኝ ነው። ተሰማ ደግሞ ያ የማይናገር ሰው «ባክሽ» አለኝ። «ባክሽ፣ ይለቅልን» አለኝ። ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ዓሣውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ መምሬ ቤት መንገድ ጀመረ፣ እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

እሜቴም ተጠርተው መጡ። መምሬ ዓሣውን ተቀብለው አገላበጡ፣ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ፣ ቅርፊቱ ተነሳላቸው። ደስ አላቸው፣ እኔን አይተው ፈገግ አሉ፣ ሊያስታርቁን ፈልገው ነው እንጂ ሊፈርዱብን አልነበረም። ከዚያ ግን ጠየቁ፤ «ልጄ፣ የሠራሽው ይኼንኑ ነው?»

ተሰማ ያየኛል። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?

— እኔ እሱን ነው እል ነበር፣ እማማ።

ትያለሽ፣ እውነትሽን ነው። እኔም አፌ ላይ ነበረች። ግን አስቢው፣ እሜቴ በእኔ ቃል ሊቆርቡ ነው። ያ የሙሴው ቅርፊት ከሌለው፣ እንዲሁ በሐሰቴ ቢቀበሉ፣ ያ በማን አንገት ላይ ነው? እና ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ እሱንም ልንገርሽ። እኔ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ነበር የማውቀው፣ እሱም ይኼን ከዚያ መለየት ነው። ጥርሳሙን የሙሴው ነው ማለት አልወጣልኝ አለ። «አይደለም፣ አባቴ» አልኩ። «ይኼ ጥርሳሙ ነው። የሠራሁት ሌላ ነው።»

ተሰማ መሬት መሬት አየ። በማግሥቱ ወደ አዋሽ ሲሄድ እንኳ አልተሰናበተኝም። እሜቴስ? እውነት ተናገረች ብለው ልባቸው ይለዝባል ብዬ ነበር። የለም። «እንግዲያ ያልታወቀ ነገር ነው ያበላሽኝ» አሉ። እውነቱንም ብትናገሪ ይኼው ነው፣ ባትናገሪም ይኼው ነው። ገና ደረሰ፣ አለፈ። ሰው ሁሉ ዶሮውን ይበላል፣ እሳቸው ጥግ ላይ ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ ሳይቆርቡ፣ ያቺኑ ቆሎ ይዘው። እኔ የሠራሁትን ዶሮ ማን ይብላው? ተሰማ አንድ ጉርሻ ጎረሰና ተነሳ። ያን ቀን እንዴት እንደደከመኝ ልነግርሽ አልችልም።

ጥምቀት ሳይደርስ ሳልህ መጣ። ከሩቁ እጁን ያወዛውዛል፤ «ሙሳ አለ፣ ሙሳ መጣ» እያለ ነው። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ አስተኛሁት፣ ራሱ ወደ ቀኜ ዞረ፣ ነጠብጣቡ አለ፣ አፉ ትንሽ ነው፣ የክንፉን ሥር ስጫነው ወተቱ ወጣ። እሱ ነው። ሳልገፍፈው ይዤው ሮጥኩ። ተሰማ ቤት ነበር፣ እሜቴም ነበሩ፣ መምሬን ልከን አስጠራናቸው፣ አዴ ጫልቱም ልታይ መጣች።

መምሬ በጣታቸው ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼስ እንደ አምባዛ ያሟልጫል።» ለካ እኔም ቅርፊቱን አይቼው አላውቅም። ምን ጊዜም እርጥቡን በጉተታ ነው የማወልቀው፣ ቆዳውን ማን ይመረምረዋል? ዓይኑን አውቃለሁ፣ አፉን አውቃለሁ፣ ወተቱን አውቃለሁ፣ የተጠየቅሁትን ግን አላውቀውም። በቃ አለቀልኝ ብዬ ልብሴን ማሰብ ጀመርኩ፣ የትኛውን ይዤ እንደምሄድ።

መምሬ ግን የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። «ዝልግልጉ ይታጠብ» አሉ። በአመድና በውኃ አሸሁት። ድንጋይ ላይ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ተቀመጥን። የአዳማን ፀሐይ ታውቂያታለሽ። ዝንቡ ይመጣል፣ ተሰማ በቅጠል እሽ ይላል። አዴ ጫልቱ «ዋቃዮ፣ ለዓሣ እንዲህ ይለቀሳል?» አለች። ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ማንጸባረቁን ተወ፣ ጫፍ ጫፉ ብድግ ብድግ አለ። መምሬ ጎንበስ ብለው ከጅራቱ ወደ ራሱ በጥፍራቸው ጫሩት። ጥፍራቸው ላይ መጣ፣ ድቅቅ ያለ፣ የጤፍ ቅንጣት የሚያህል።

«የሺመቤት፣ ይዩት» አሉ። «ቅርፊት ነው። ደቃቅ ነው፣ ግን ቅርፊት ነው። ክንፉም ዙሪያውን አለ። ንጹሕ ነው።»

ተሰማ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲያስነጥስ ሰማሁት፣ ማስነጠስ አልነበረም። እኔ የእሜቴን አፍ እጠብቃለሁ። መምሬ ባርከውን ሄዱ፣ አዴ ጫልቱም ሄደች፣ እና እሜቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። «አስካለ፣ ውኃ ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ከእጄ ጠጡ። እፎይ ልል ስል፣

«ርኩስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ።

«ለምን፣ እሜቴ?»

«ጣፈጠኝ እኮ» አሉ። «ባሌን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላኝ፣ በጾም፣ ልቆርብ ነው እያልኩ፣ ጣፈጠኝ። ያን ቀን ከመሶቡ የተነሳሁት ድስቱን ልመረምር መሰለሽ? ልጨምር ነው። ራሱን ያየሁት ልጨምር ስል ነው። ዓሣው ንጹሕ ከሆነ እንግዲህ የረከስኩት እኔ ነኝ።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ልስቅም አማረኝ፣ ላለቅስም አማረኝ፣ ነቅነቅ ላደርጋቸውም አማረኝ። ያን ሁሉ ቆሎ ቆርጥመው፣ ገናቸውን አሳልፈው፣ ልጃቸውን ከእኔ ጋር አኳርፈው፣ እኔን በቄስ ፊት አቁመው፣ ለካ ጣፍጧቸው ነው። ያኔውኑ ጣፈጠኝ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ግን ሊሉት አልቻሉም፣ ለራሳቸውም አላሉት። ይኼንኑ ለመምሬ ነገሯቸው፣ መምሬም ጥቂት ስግደት ሰጧቸው፣ እና ለጥምቀት ቆረቡ። ነጭ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ሄዱ። ተሰማም ከኔ ጋር መነጋገር ጀመረ፣ እሱ በሚነጋገረው መጠን። እኔም ከቤቴ አልወጣሁም።

ተረታሁ ማለት ነው? ረታሁ፤ ረታሁ ነው የሚባለው። ግን መርታቱን ተመልከቺ። እሜቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፣ ጣሊያን ገብቶ እስኪወጣ ኖሩ፣ ከእኔው ጋር። እና ከዚያ ጀምሮ የጣፈጠ ነገር አይበሉም። ጨው የጎደለውን ሽሮ፣ ያረረውን ምስር፣ እሱን አሟጠው ይበሉልኛል። ወጡ ሲያምር ግን አንዴ ይቀምሱና በእጃቸው ጀርባ ገፋ ያደርጉታል። ገፉት ማለት ጣፍጧል ማለት ነው። ተሰማና እኔ እንተያያለን። እንግዳ ቢመጣ «ምነው አልወደዱልሽም?» ይላል፣ እኔ ምን ልበል። አሟጠው የበሉ ቀን ነው እኔ የምከፋው፤ ምን አበላሸሁ እላለሁ። ኋላማ እንዲበሉልኝ ብዬ ሆን ብዬ ማበላሸት ጀመርኩ፤ አንድ ድስት ለተሰማ አሳምሬ፣ አንድ ድስት ለሳቸው አበላሽቼ። ማበላሸትም ሥራ ነው፣ ልጄ፣ ከማሳመር የማይተናነስ ሥራ ነው። በየቀኑ፣ በየዓመቱ። እዚህ ወገቤ ላይ ያለው እሱ ነው።

በመጨረሻ ታመሙ። ምንም አይወርድላቸውም። አጥሚት ሠራሁላቸው፣ እና ተጨንቄ ስለነበር ማበላሸቱን ረሳሁት፤ ማሩን እንደሚገባው፣ ሁሉን እንደሚገባው አድርጌ፣ ለራሴ እናት እንደምሠራው አድርጌ ሠራሁት። ቀና አድርጌ በማንኪያ ሰጠኋቸው። አንዴ ዋጡ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ፣ እና ጎድጓዳውን ሳህን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ሳይመሽ ሞቱ። ያ ጣፍጧቸው ይሁን፣ ወይ ሞት አፋቸውን ዘግቶት ይሁን፣ እኔ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

— ጣፍጧቸው ነው፣ እማማ። እጅዎ እኮ ያውቃል።

ይሁን። ይሁን እንግዲህ፣ አንቺ ካልሽ።